ዋንጫ ይዤ የሄድኩበት ማኅበር

ወገኖቼ፣ ዛሬስ ሳልመሰክር አልቀመጥም። ባለፈው እሁድ ብነሳ ሽማግሌዎቻችን "ቆይ፣ ተረጋጋ" ብለው አስቀመጡኝ። ይኸው ተረጋግቻለሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው፤ መጨረሻው የማይጥማችሁ ካላችሁ ታግሳችሁ ስሙኝ።

እዚህ አንጋጫ የዳኛው ጸሐፊ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ከሹማምንት ጋር መጥቶ ሆሳዕና የቀረ ሰው ነው። ብዕር ያስያዘኝ እሱ ነው፤ አረቄውን ግን ራሴ ነኝ የያዝኩት፣ በማንም አላሳብብም። ጠዋት ሳልቀምስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት "በሬዬን ወሰዱብኝ" ብላ አቤቱታ ስታጽፈኝ "ባሌን ወሰዱብኝ" ብዬ ጻፍኩላት። ዳኛው አነበበው፣ ችሎቱ ሳቀ። እሷ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እያለቀሰች ወጣች።

ሆሳዕና ያለው ፈረንጅ ሐኪም ሆዴን ዳብሶ በአስተርጓሚ "ጉበትህ አብጧል። ካልተውክ መጪውን መስከረም አታየውም" አለኝ። ከእሱ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ጠጅ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ ያቻትላችሁ ከእናንተ መካከል፣ "የባል ስም እንጂ ባል የለኝም" ብላ ልጃችንን አዝላ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ያኔ አንድ የጨው ነጋዴ "ዳምቦያ ጋሽ ኤርሲዶ የሚባሉ ገበሬ ቤት ሐሙስ ሐሙስ የሰካራሞች ማኅበር አለ፤ ሂድ፣ ይጠቅምሃል" አለኝ። ወገኖቼ፣ እኔ ባደግኩበት ቤት ማኅበር ከተባለ ጠላ አለ። የሰካራሞች ከሆነማ ስንት ጋን ይጠመቅለት ይሆን ብዬ፣ የአባቴን የቀንድ ዋንጫ ጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬ በበቅሎ ገሰገስኩ።

ስድስት ሰዎች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ዋንጫዬን አውጥቼ ዘረጋሁ። ጋሽ ኤርሲዶ ተነስተው ውሃ ሞሉልኝ።

"ጠላው የታለ?" አልኳቸው።

"እሱን ጠጥተን ጨረስነው፤ የቀረን ውሃው ነው" አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ተናድጄ ልወጣ ስነሳ "በቅሎህ እንኳ ትረፍ እንጂ፤ ቁጭ በልና ቆጮ ብላ" አሉ። ተቀመጥኩ። እየበላን አንዱ በመጠጥ የሸጠውን መሬት፣ ሌላው በስካር የመታትን እናቱን ነገረን። ማንም ማንንም አልገሰጸም። ጸሎት አደረጉ። ሕጋቸውም አንድ ብቻ ነበር፦ ጥም የያዘው ወደ ጓደኛው ይሄዳል፤ መሄድ ካቃተው ጓደኛው ይመጣለታል።

በአራተኛው ሐሙስ እዚያው ሰሌን ላይ ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ስሙ ይባረክ! እጄ ጸና። ያቺን ባልቴት ፈልጌ አቤቱታዋን እንደገና ጻፍኩላት፤ በሬ ብዬ። አስካለም ተመለሰች። ክብር ለእርሱ ይሁን።

እናንተም ደስ አላችሁ። ከደስታችሁ ብዛትም "አሮጌው ሰው ሞቷል። የዳነ ሰው ከሰካራሞች ማኅበር ምን አለው? እዚያ መሄድ አለማመን ነው" አላችሁኝ። አልዋሽም፣ ኮራሁ። ሐሙስ ቀረሁ።

ብዙም ሳልቆይ የአጎቴ ተዝካር ሆነና ሆሳዕና ሄድኩ። አክስቴ ጠላውን ይዛ "መጠጥ መሰለህ እንዴ? ጠበል ጠዲቅ ነው፤ ለነፍሱ ቅመስለት" አለችኝ። አንዱን ዋንጫ ለነፍሱ ጠጣሁ። የቀሩት የእኔ ነበሩ። ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። አስካለ በቅሎዋን ስትጭን ሰማሁ። ወደ ወንድሟ ሄደች ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

የሄደችው ግን ዳምቦያ ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ ጭቃ በጭቃ ሆነው ከኋላዋ ገቡ። አፈርኩ፣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። "ጋሼ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ራሴ እመጣለሁ" አልኳቸው።

"ለእኛ ዛሬ ሐሙስ ነው" አሉ። ዋንጫውን ፈልገው ውሃ ሞልተው ሰጡኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ጠጣሁ።

ሽማግሌዎቻችን "ውድቀትህን አትናገር፣ ወንጌሉን ታሰድባለህ" ብለውኛል። አከብራቸዋለሁ፤ ግን እናገራለሁ። የወደቅኩት ኮርቼ ብቻዬን በሄድኩበት ቀን ነው፤ ወንጌሉ ምን አደረገ? ጌታ አዳነኝ፣ ዳግመኛም አነሳኝ፤ ያነሳኝም በአንድ የዳምቦያ ሰካራም እጅ ነው። ሐሙስ እሄዳለሁ። የሚመጣውም ሐሙስ እሄዳለሁ። ከጉባኤ የሚያስወጣኝ ከሆነ ከአሁኑ ንገሩኝና ዋንጫዬን ይዤ ልውጣ፤ ጌታን ግን አልለቅም፣ እሱም አይለቀኝም።

አሁን እዚህ መካከል ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። ወንድሜ፣ ጌታን ታመነው፤ እኔን ካልጣለ አንተን አይጥልህም። ሐሙስ ደግሞ አብረን እንሂድ። ዋንጫህን ይዘህ ና፤ እኔም ይዤ ነው የሄድኩት። እስከ ሐሙስ መቆየት ካቃተህ ቤቴ ከዳኛው ግቢ ጀርባ ነው፤ ከዚህ ስትወጣ አንኳኳ። ለእኛ ዛሬ ሐሙስ ነው።