ለሙሽራ የተገራው ፈረስ

እናቴ ሠላሳ ሞላኝ ብላት ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። «አንተን የወለድኩት ጭጋግ በበዛበት ዓመት ነው፤ ገና ሃያ ምናምን ነህ።» እንጅባራ ዙሪያ ጭጋግ ያልበዛበት ዓመት ካለ እስቲ ንገሩኝ! መታወቂያዬ ግን እንደ እናት አያባብልም። ባለፈው ጥር ሠላሳ ሞላኝ፤ በዚያው ጥር የሆነውን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩበት ዓመት ነው። አባቴ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ሄዶ አንድ ዳማ የፈረስ ውርንጭላ እየሳበ መጣ። «ሙሽራህን ጭኖ የሚገባው ይኼ ነው» አለኝ። ኧረ የምን ሙሽራ! ሥራ የለኝ፣ ቤት የለኝ። እሱ ግን ቀልድ አያውቅም። ውርንጭላው ጠንከር ሲል እንደ ሌላው ፈረስ ለጉግስ አልገራውም፤ ለሙሽራ ነው የገራው። እኔ ፊቱ ላይ ጃንጥላ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ ደጅ ቆማ እልል ትላለች። አባቴ ልጓሙን ይዞ በአዊኛ ያባብለዋል፤ አማርኛ ለቢሮ እንጂ ለፈረስ አይሆንም ባይ ነው። ጎረቤቱ «እነዚህ ሰዎች ያለ ሠርግ እልል ማለት ጀመሩ» እያለ ሲስቅብን ከረመ።

ሙሽራዋም አልጠፋችም። በዘንገና ሐይቅ በኩል ያለች የጎረቤት ቀበሌ ልጅ ናት፤ ዳንግላ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ በደጃችን ታልፋለች። መጀመሪያ ለእኔ አይደለም ሰላምታዋ። የፈረሱን አንገት ዳበስ አድርጋ «የእኔ ፈረስ ደህና ነው?» ትለኛለች። «ደህና ነው» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬያችን የሚጀመረው።

ሽማግሌ ላክን። አባቷ ክፉ አልተናገሩም። «ልጄን አልነፍግም፤ ግን መጀመሪያ ቤት ይሥራ» አሉ።

የቤቱ ብር ያለው ዛፋችን ላይ ነበር። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እኛም የገብሱንም የድንቹንም መሬት የከሰል ዛፍ ተክለንበት ነበር፤ ዲከረንስ የሚሉትን። ከሰል የሸጠ ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፣ እኛስ ምን ጎደለን? እስከ ደጃችን ድረስ ተከልን። ሊቆረጥ አንድ ዓመት ሲቀረው ቅጠሉ ይጨማደድ ጀመር። በጣት ሲነኩት እንደ ዝገት ያለ ዱቄት ይለቃል። ክረምቱ ሳይወጣ ከሥር እስከ ጫፍ ደረቀ፤ ገና ያልወፈረ፣ ለከሰል የማይሆን ጭራሮ ሆኖ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው። ወይ ድንች አልተከልን፣ ወይ ገብስ አልዘራን። ማሳው መሀል ቆሜ ብቻዬን እንደ እብድ የጮህኩበት ቀን አለ።

ከዚያ እንጅባራ እየሄድኩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሆነ ሥራዬ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዲግሪዬን በፌስታል ይዤ እዞራለሁ። «ዕድሜ ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ» ይላል ማስታወቂያው። የእኔው ሠላሳ ደግሞ እየሮጠ መጣ።

እሷ ጠበቀችኝ። አልዋሽም፣ ብዙ ጠበቀችኝ። አንድ ቅዳሜ ግን ደጃችን ቆማ ፈረሱን ሳትነካው «እኔ ቆርቆሮ አልጠየቅሁህም» አለችኝ። «አባቴ ግን ደከመው። ሌላ ሽማግሌ ተቀብሏል።»

«እንጥፋ» አልኳት።

«ወዴት?»

የምወስዳት አገር አልነበረኝም።

ጥር ገባ። አንድ ጠዋት የአባቴ የፈረስ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ትልቅ ሽማግሌ፣ ቤታችን መጡ። በእኛ ዘንድ ማኅበርተኛ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲገጥመው ፈረስ አይነፈግም። የነፈገ ሰው የራሱ ቀብር ላይ ፈረሰኛ አይወጣለትም።

«ከእኛው የአንዱ ልጅ ሊያገባ ነው» አሉት አባቴን። «ፈረስስ ሞልቷል። እልልታና ጃንጥላ የማያስደነብረው፣ ሙሽራ የሚጭን ግን ያንተ ብቻ ነው።»

«ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ እኔን ሰረቅ አድርገው አዩኝ። እኔም አባቴም ገባን። የእሷ ሠርግ ነው።

አባቴ «ወጉ ነው፣ ይምጡና ይውሰዱ» አለ።

ሰውየው ከግቢ ሳይወጡ አባቴ ላይ ጮህኩበት። «ለእሷ? ፈረሱን ለእሷ ትሰጣለህ?»

«ለእሷ አልነበር የገራነው?» አለኝ። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። «ደግሞ አንተው ምራው። ልጓሙን የማያውቀው ሰው ከያዘው ይደነብራል። ብትወድቅስ?»

ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ እኔም አላውቅም። አባቷ ደጅ ሚዜዎቹ አምጥተው ፈረሱ ላይ አስቀመጧት፤ ፊቷ ተሸፍኗል። ጃንጥላው ተዘረጋ፣ እልልታው ቀለጠ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ ደንብር፣ ደንብር፣ እባክህ ደንብር እያልኩ ለመንኩት። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። አባቴ ደህና አድርጎ ነው የገራው።

ከሽፋኑ ሥር እጇ ወጥቶ የፈረሱን አንገት ዳበሰ።

«የእኔ ፈረስ ደህና ነው?» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ደህና ነው» አልኳት፣ ልጓሙንም ይዤ እስከ ባሏ ደጅ ድረስ መራሁላት።