የአዴ ጫልቱ የመንገድ ሥራ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ስንሄድ መኪና ውስጥ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ታማ ሱሉልታ ወንድሟ ቤት ተኝታለች፤ እኔ ከአባቴ ጋር ሰበታ ቀርቻለሁ። በሽታዋ ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ድንገት ከገባሁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና ስለ ውኃ መጥፋት ማውራት ይጀምራሉ፤ እኔም ሰው ስለ ውኃ መጥፋት ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ስለ እናቴ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ቲቢ መሆኑን፣ ያውም መድኃኒት ቶሎ የማይበግረው ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው እናቴን መንካት እንደማይፈቀድልኝ ብቻ ነበር። ግቢው ውስጥ ቆሜ በመስኮት አያታለሁ፤ እሷም ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታየኛለች፤ ከዚያ ተመልሰን እንሄዳለን።

አባቴ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር ቅዳሜም ፈረቃ አለበት። የሚወስደኝ ሰው ሲያጣ፣ እኛ ግቢ በስተኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትን አዴ ጫልቱን ለመናቸው። አዴ ጫልቱ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸው አድገው የተበተኑ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ቀኑን ሙሉ በርጩማቸውን በራፍ ላይ አውጥተው ዳንቴል ይሠራሉ። አባቴ ሲጠይቃቸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ኪሮሻቸውን አቆሙና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አባቴ አፍሮ፣ «ግድ የለም፣ ካልተመቸዎት...» ብሎ ሲጀምር፣

«መቼ መቼ ነው?» አሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«በመኪና?»

አባቴ ሳቀ። «በምን ሊሄዱ ነው ታዲያ?»

እሳቸው ግን አልሳቁም። «እሺ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ዕለት አንዲት የወተት ዱቄት ጣሳ ታቅፈው በር ላይ ጠበቁኝ። የጣሳዋ ክዳን መሐሉ በምስማር ተበስቷል። ነጩ ክር በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፤ ድቡልቡሉ ግን ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ካልተደረገ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ክሩ ከወንበር ሥር እየተንከባለለ የሰው ጫማ ያብሳል አሉኝ። ኪሮሿም ማንንም እንዳትወጋ ጫፏ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን ለብሳለች። ቤት የጀመሩት ትልቅ የአልጋ ልብስ ነበር፤ እሱን ለምን እንዳላመጡት ብጠይቃቸው፣ «እሱ የቤት ሥራ ነው» አሉ። እኔ ከትምህርት ቤት የሚሰጠን የቤት ሥራ መስሎኝ ሳቅሁ። «የመንገድ ሥራ መዳፍ ላይ የሚያልቅ መሆን አለበት፤ ውረዱ ሲሉሽ ጠቅልለሽ የምትወርጂው» አሉኝ። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩት ትንንሽ ክቦችን ብቻ ነበር። እያንዳንዷ የስኒ ማስቀመጫ ታህላለች፤ ሲበዙ ተያይዘው የጠረጴዛ ልብስ ይሆናሉ።

ከሰበታ ዓለም ገናን አልፈን አየር ጤና፣ ከዚያ ከተማውን አቋርጠን አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በሚወርደው ሚኒባስ ሱሉልታ። መኪናው ገና ሲንቀሳቀስ ኪሮሿ ከክዳኗ ትወጣለች፤ ተረቱም አብሮ ይጀመራል። አዴ ጫልቱ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ነበር የሚተርቱልኝ። ነጠላቸው የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸት ነበር። ሲሳሳቱ ክሩን ስበው ይተረትሩታል፤ እየተረተሩም መተረታቸውን አያቆሙም።

ተረቱ ለብዙ ቅዳሜዎች አንድ ነበር። አንዲት ልጅ አለች፤ የእናቷን ቤት ጣሪያ ነፋስ ገፍፎ ወስዶባቸው፣ ልታስመልስ ወደ ነፋስ ቤት በእግሯ የምትሄድ። መንገዱ አያልቅም። አንድ ቅዳሜ ወንዝ ይገጥማትና «ስሜን ካልነገርሽኝ አላሳልፍሽም» ይላታል። ሌላ ቅዳሜ ጦጣ መንገድ ላይ ተቀምጣ ጨው ትለምናታለች። ወንዙ በአማርኛ ይናገር ነበር፣ ጦጣዋ በኦሮምኛ፤ ልጅቷ ለሁለቱም በየቋንቋቸው ትመልሳለች። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ እኛ ግቢም ሰው የሚያወራው እንደዚያው ነበር።

ያኔ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ሕግ ለራሴ አውጥቼ ነበር። ክቧ ሱሉልታ ሳንደርስ ካለቀች እናቴ መስኮቱ ላይ ትኖራለች። ካላለቀች ግን፣ ካላለቀች የሚመጣውን አስቤ አልጨርሰውም። ስለዚህ ጆሮዬ ተረቱ ላይ፣ ዓይኔ ኪሮሿ ላይ ነበር፤ ክሩ ሲተረተር ልቤም አብሮ ይተረተራል። እጃቸውን እንዲህ ስጠብቅ የአዴ ጫልቱን ፊት አንድም ቀን መንገድ ላይ አይቼው አላውቅም።

በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። የአጎቴ ስልክ ከሐሙስ ጀምሮ አልሠራ ብሏል። አባቴ «ኔትወርክ ነው» አለኝ፤ ግን እንዲህ ሲለኝ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ሊያደርግ ሲታገል አየሁት። እንጦጦ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። ባሕር ዛፎቹ እንኳ አይታዩም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከፊታችን ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ተንሸራቶ መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሟል። ሹፌራችን ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ግን አልቆመም፤ እንደ ሳሙና ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ሰው ጮኸ፣ ጣሳዋ ከአዴ ጫልቱ ጭን ወድቃ ተንኳኳች፣ ከዚያ የኋላው ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተሰነቀርን።

ማንም አልተጎዳም። ሁላችንም ወረድን፤ ወንዶቹ ገፍተው መኪናውን አወጡት። ገልባጩም ጥጉን ያዘ፤ መንገዱ ተከፈተና ተሳፋሪው ተመልሶ ገባ። አዴ ጫልቱ ግን ጣሳዋን ታቅፈው ዝናብ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ይግቡ እንጂ፣ አዴ ጫልቱ» አልኳቸው።

«ቆይ።»

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «እናቴ፣ እየጠበቅንዎት ነው።»

«እናንተ ሂዱ። እኛ በእግራችን እንወርዳለን።»

«በዚህ ዝናብ? ሱሉልታ እኮ ገና ነው!»

«ሂዱ አልኩ እኮ።»

ቀና ብዬ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከንፈራቸው ደርቆ አመድ መስሏል፤ መንጋጋቸው ይንቀጠቀጣል። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው፣ እኛም ሱሉልታ ሳንደርስ ሊመሽብን ነው፣ የአጎቴ ስልክ አይሠራም። ነጠላቸውን ጎተትኩና ለወራት ከአፌ ያልወጣውን ነገር አወጣሁት።

«እማዬ ሞታ ቢሆንስ?»

አዩኝ። «ያ ዋቅ!» አሉ በኦሮምኛ ፈጣሪን ጠርተው፣ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው። ከዚያ እጄን ይዘው ገቡ።

መኪናው ሲነሣ ኪሮሿን አወጡ። እጃቸው ግን ክሩን እየሳተ አየር ይወጋ ነበር። ተረቱን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ዛሬ አንቺ ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «የት ነበር ያቆምነው?»

«የነፋስ ቤት በር ላይ። ውሻው ይጮኻል።»

«እሺ። ከዚያስ?»

ከዚያ ያለውን አላውቀውም። ጎማው በጭቃው ላይ ሲንሸራተት እግሬ ሥር ይሰማኛል። «ከዚያ ልጅቷ ፈራች» አልኩ።

«አይ፣ የእኔ ልጅ አትፈራም።»

«ፈራች» አልኩ ድርቅ ብዬ። «በጣም ፈራች። እግሯ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ግን ጣሪያው እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ ገባች።»

«እሺ፣ ፈራች እንበል። ውሻውን ምን አለችው?»

«እናቴ እየዘነበባት ነው አለችው።»

ኪሮሿ ክሩን አገኘችው። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ ሰንሰለት ስታወጣ አየሁ፤ ጠባብና ጠማማ ነበር፣ በሌላ ቀን ቢሆን የሚተረትሩት። እኔም ውሻው ጅራቱን እስኪቆላ፣ በሩ እስኪከፈት፣ ነፋስ ራሱ እስኪወጣ ድረስ እያወራሁ ቁልቁለቱን ጨረስን። ሱሉልታ ስንወርድ ክቧ ግማሽ አልሞላችም።

የእናቴ መስኮት ተዘግቷል። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

የጎረቤቷ ሴትዮ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። «ሐሙስ ማታ ሲያስመልሳት በመኪና ወሰዷት» አለች፤ ከዚያ እኔን አየችኝና አፏን ያዘች። የት እንደወሰዷት አታውቅም ነበር። መብራትም ከሐሙስ ጀምሮ የለም አለች። ዝናቡ አላባራ ስላለ ከጣሪያው ሥር አስጠግታ ሳጠራ ላይ አስቀመጠችን፤ ከሰል በማንደጃ አምጥታ አጠገባችን አኖረች። ልብሴ በፍሙ ሙቀት መትነን ጀመረ፤ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ደስ አለኝ፤ ማልቀሴ አይታወቅብኝም። አዴ ጫልቱ ተረት አልነገሩኝም። አይዞሽም አላሉኝም። ጎናቸውን ከጎኔ አጣብቀው፣ በአንድ እጃቸው ጉልበቴን ይዘው፣ በሌላው ኪሮሿን ብቻ ይዘው ተቀመጡ፤ በአንድ እጅ ዳንቴል አይሠራም። ከሰሉ አመድ እየለበሰ፣ ፍሙ ከውስጥ እየቀላ፣ እኔ በሩን እያየሁ ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በልጅነቴ ረጅሙ ሰዓት ያ ነበር።

ባጃጅ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ አጎቴ ወረደ። ቀጥሎ፣ እጁን ይዛ፣ እናቴ።

በእግሯ ቆማ ካየኋት አምስት ወር አልፎ ነበር። ልሮጥ ስነሣ አዴ ጫልቱ ቀሚሴን ከኋላ ጨበጡት። እናቴም በርቀት ቆማ አፏን ሸፈነች። መድኃኒቱ አላስማማት ብሎ ሁለት ሌሊት ጤና ጣቢያ እንዳደረች፣ አሁን ግን እንደቀየሩላት፣ የአጎቴም ስልክ መብራት ጠፍቶ ባትሪ እንደጨረሰ፣ ይህን ሁሉ የነገረን አጎቴ ነው። እናቴ ያለችው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አድገሻል» አለችኝ።

ያን ምሽት ሰበታም መብራት ጠፍቶ ስለነበር አባቴ በሻማ ራት አቀረበልኝ። መንገድ ላይ የሆነውን ስነግረው መብላቱን አቆመ። የግቢው ባለቤት ኦቦ ቶሎሳ ገና በዚያው ዕለት፣ እኛ ከወጣን በኋላ ነግረውት ነበር፦ አዴ ጫልቱ ከዓመታት በፊት ከባላቸው ጋር ጅማ መንገድ ላይ በአውቶቡስ ተገልብጠው፣ ባላቸው እዚያው ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ካልሆነ መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ዓለም ገና ገበያ እንኳ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። «እኔ ምን አውቄ...» አለ አባቴ፤ ፊቱን በሻማው ብርሃን ሲያሻሽ አየሁት። «ከእንግዲህ አላስቸግራቸውም። ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ያን ሳምንት ሙሉ ሰላም አጣሁ። በራፋቸው አጠገብ ሳልፍ ላያቸው አፍራለሁ፤ ባላያቸው ደግሞ እፈራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሊነግራቸው ወጣ። በር ላይ ጣሳቸውን ታቅፈው ቆመዋል።

«ልጅቷ አልለበሰችም እንዴ?» አሉት። «መኪና ያመልጠናል።»

እናቴ እስክትድን፣ እስከ ኅዳር ድረስ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ተረቱ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም፤ ነፋስ ጣሪያውን መለሰ ወይስ ልጅቷ ራሷ ተሸክማ መጣች፣ ብዙ ጊዜ አስቤ አላገኘሁትም። እናቴን ብጠይቃት እሷ አልሰማችውም። አሁን ለሥራ በየቀኑ በመኪና እመላለሳለሁ፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ሲሄድ ጎኔ የተቀመጠውን ሰው ፊት አንድ ጊዜ አየት የማድረግ ልማድ አለኝ። ማን ምን ተሸክሞ እንደተሳፈረ አይታወቅም።

አዴ ጫልቱ ዛሬ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ክር መያዝ ትተዋል። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ስለዚያ ጊዜ አንሥቼ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ እንዴት እንደቻሉት ጠየቅኋቸው።

«ምን እችለዋለሁ፣ ስሞት ስነሣ ነው የከረምኩት!» አሉ። «እናትሽ ድና ቤቷ የገባች ዕለት እግዚአብሔርን ሁለቴ አመሰገንኩት። አንዴ ስለ እሷ። ሁለተኛውን፣ ከእንግዲህ መኪና አልገባም ብዬ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግን አብሬያቸው መሳቅ አቅቶኝ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።