ጋሼ የሚያቃጥሉት ክር

ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜ መሐል ሜዳ ከተማ ከበግ ጠጉር ዝተት የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ርካሽ ብርድ ልብስ ገበያውን ሲሞላው ገዢ አጡ። ይህን ብርድ ልብስ የሚያመጣው ነጋዴ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ሲል ጋሼ አያምኑም፤ ከጠርዙ አንድ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉና «እስቲ አሽትተው፤ በግ ነው ላስቲክ?» ይሉኛል። ሁልጊዜ ላስቲክ ነበር።

«ጋሼ፣ ዕቃዬን በሙሉ ሊያነዱት ነው እኮ» ይላቸው ነበር ነጋዴው።

ከቀብራቸው በኋላ ይኸው ሰው ሊያጽናናኝ መጣና አንድ ብርድ ልብስ ሰጠኝ። «ይኼስ ሱፍ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ሲሄድ ክር መዝዤ አቃጠልኩ። ጠጉር ጠጉር ሸተተኝ። አፍንጫዬንም አላመንኩት፤ «ጋሼ፣ እስቲ ያሽትቱት» ብዬ ወደ ባዶው በርጩማቸው ዘረጋሁት።