አባባ የሰጡኝ ስምንት መጨረሻዎች

ከአቃቂ የወጣሁት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው፤ የግቢያችን በር ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ገና የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አንቲረስት ብቻ እንደሆነ። በሩን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ እዚያው በሰቃ ሰፈር በምሠራበት ብየዳ ቤት፣ ከምሳ ሰዓቴ እየሰረቅኩ። ቀለሙንም የጀመርኩት እኔው ነኝ። የእንግሊዝ አገር ቪዛው ሳይታሰብ መጣና ብሩሹ ቆርቆሮው ውስጥ እንደተነከረ ቀረ። ዘመድ ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቆ ሊሸኘኝ ይጠብቃል፤ አባባ ግን በሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ መልሰው በሩን ያያሉ።

«አንተ መጀመር ታውቅበታለህ» አሉኝ። «የማታ ትምህርቱን ጀመርክ፣ ተውከው። መንጃ ፈቃዱን ጀመርክ፣ ተውከው። ይኸው በር!»

አባባ ባቡር ጣቢያ በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛን እንደሳቸው የሚወድ ሰው አላየሁም። ከኮታቸው ኪስ አንድ የደብተር ወረቀት አወጡ። በቀይ እስክሪብቶ ስምንት ቃላት ተጽፈውበታል፣ ሁሉም ስለመጨረስ፦ ፊኒሽ፣ ኤንድ፣ ኮምፕሊት፣ ኮንክሉድ፣ ፋይናላይዝ፣ ክሎዝ፣ ሲዝ፣ ተርሚኔት።

«ፊኒሽ ለምሳ ነው» አሉ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ከቁብም አልቆጠሩት። «ክሎዝ ለሱቅ፣ ኮንክሉድ ለንግግር፣ ሲዝ ለተኩስ፣ ተርሚኔት ለመጥፎ ሠራተኛ። ያንተ ኮምፕሊት ነው፤ እሱ ለትምህርት ነው። ያንን የአንድ ዓመት የብየዳ ኮርስ ኮምፕሊት አድርግና መጥተህ በሩን ጨርስ።»

«አንቱ ይሙቱ፣ እመጣለሁ!» ብዬ ማልኩ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

ለንደን ስደርስ ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ መሬት አልረገጥኩም ብላችሁ እመኑኝ። ቀይ ጢም ያለው የኢሚግሬሽን ሰውዬ ፓስፖርቴን እያገላበጠ ኮርሱ ሲያልቅ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። አፌ ተከፈተና ቃላቱ በተርታ ወጡ።

«ሰር፣ ፊኒሽ አደርጋለሁ፣ ኮምፕሊት አደርጋለሁ፣ ኮንክሉድ፣ ፋይናላይዝ...»

«አንዱ ይበቃል» አለ እጁን አንስቶ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ በር እቀባለሁ።»

«የማንን በር?»

«የአባቴን። ግማሹ ቀርቷል።»

ትንሽ አየኝና «እኔም ቤት ሚስቴ ስድስት ዓመት የጠበቀችው መደርደሪያ አለ» ብሎ ማህተሙን መታው። ስድስት ዓመት! ሰውዬውን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ኮርሱ የሚሰጥባት ከተማ ሊድስ ትባላለች። አቃቂን ትመስላለች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጭስ ያጠቆረው ጡብ፣ ወንዝም አላት። ብቻ አሥራ ሁለቱም ወር ሐምሌ ነው። ዳቦው ጥጥ ነው። በርበሬ ነው ብዬ ደስ እያለኝ የገዛሁት ቀይ ዱቄት ቀለም ብቻ ሆኖ አረፈው፤ አንድ ማንኪያ ሙሉ ቅሜ እንባ እንኳ አላመጣልኝም።

አከራዬ ሚስተር ዎልሽ አንድ ቀን ማሞቂያውን ሊያይ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፣ ጠጣ፣ ተነሳ። እኔም እንደ ወጉ ልሸኘው ወጣሁ። ደረጃውን ወረድን፣ አጥሩን አለፍን፣ መንገድ ገባን። እሱ ሲፈጥን እኔም ፈጠንኩ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ዞረና «ምን ፈለግህ?» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንም፤ እየሸኘሁህ ነው።»

«ወዴት?»

«እስከ መኪናህ።»

«መኪናዬን እኮ አልፈነው መጣን!»

ለካ ከኔ ሲሸሽ ነው ያለፈው። ተመልሶ ወደ መኪናው ሲሄድ አሁንም ሸኘሁት፤ ምን ላድርግ? እነሱ ዘንድ እንግዳ ደጃፍ ላይ ያልቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። እኛ ሰፈር ዋናው ወሬ የሚጀመረው ገና እዚያ አይደል?

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ያ የመተው አመሌ ተነሳብኝ። ጣቴ በብርድ ይደነዝዛል፣ የአስተማሪው አነጋገር አይገባኝም፣ የበየድኩት ሁሉ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ልተወው ብዬ ሻንጣዬን አወረድኩ። የአባባ ወረቀት ግን ከአልጋዬ በላይ ተለጥፏል። ቆሜ አነበብኩት፣ ተርሚኔት የሚለውን በእርሳስ ሰረዝኩና ሻንጣዬን መለስኩ። ሰኔ ላይ ሰርተፊኬቴን ተቀበልኩ! በሕይወቴ የጨረስኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ብየዳ ቤት የሁለት ዓመት ሥራ ከነፈቃዱ ሰጠኝ። እየዘለልኩ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ሳስቀምጥ በሩ ትዝ አለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከመንገድ ዳር የስልክ ሳጥን በካርድ ወደ ከድር ሱቅ ደወልኩ፤ በሰፈራችን ስልክ ያለው እሱ ጋ ነው። አባባ እንደ ቀጠሯችን ቀድመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አባባ፣ ጨረስኩ! ወረቀቱ ላይ ኮምፕሊት ይላል!»

«ኮምፕሊት ይላል!» ብለው ለሱቁ ሰው ሁሉ ጮኹ። «ልጄ ጨረሰ!»

«ማሻአላህ!» አለ ከድር ከባንኮኒው። እኔም የስልክ ሳጥኑ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

«በል እንግዲህ፣ መቼ ትመጣለህ?»

ነገርኳቸው፤ ሥራውን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ፊርማውን። በደብረ ዘይት መንገድ አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍ በስልኩ ሰማሁ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ሥራ ነው።»

«በሩን ሰው ቀጥረው ያስጨርሱት፤ ዝገት ይበላዋል።»

«ሁለት ሰው ልቀባ ብሎ መጥቶ መልሻለሁ። አለቀ ካልኩ አንተ በምን ሰበብ ትመጣለህ?»

ስምንት ቃላት ይዤ አንድም አልወጣ አለኝ።

«በል ዝጋው፣ ካርድህ ያልቃል» አሉ።

«አንቱ ይዝጉ።»

«አንተ ዝጋ፤ ደዋዩ አንተ ነህ።»

«ታላቅ ይቀድማል፤ አንቱ ይዝጉ።»

መሳቅ ጀመርን፤ እሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እየተሸኛኘን። ከድር «ኧረ አንዳችሁ ዝጉት!» ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ካርድ ሲያልቅ የምትናገረው ሴትዮ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለችና መስመሩ ጭጭ አለ። እኛ ግን አልዘጋንም።