ወደ እንጦጦ የሚያየው መስታወት

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ አቃቂ ውስጥ በነበረ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካቦው ጋሽ ደምሴ ማግ የተጠነጠነባቸውን ቀሰሞች በእንጨት ጋሪ ጭነው አስረከቡኝ። ሥራዬ ከማጠንጠኛው ክፍል ተነስቼ ቀሰሞቹን ለሽመና ማሽኖቹ ማደል፣ ባዶዎቹን ለቅሜ መመለስ ነበር። መንገዱን አንድ ጊዜ አሳዩኝ። ሁለተኛውን ብቻዬን ሄድኩ።

የደረስኩት ያለቀ ጨርቅ ከሚታጠፍበት ክፍል ነው። ሴቶቹ ጋሪዬን አይተው እጃቸውን አቆሙ። አንዷ፣ "ይቺ ደግሞ ሳይሸመን ልታሳጥፍ መጣች" አለች። አብሬ ሳቅኩ። መመለሻውን ግን አላውቀውም ነበር።

አቅጣጫ ከልጅነቴ ጀምሮ አይገባኝም። ገበያ ከገባሁ በገባሁበት አልወጣም። ካገባሁ በኋላ ችግሬን ረሳሁት፤ ባሌ ታደሰ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ጀርባውን እያየሁ እከተላለሁ። እሱ ግን የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ሊመራኝ አይችልም።

የሽመናው አዳራሽ አንድ ዓይነት ማሽን በመደዳ የቆመበት ነው። የማሽኖቹ ቁጥር በቀለም ቢጻፍም የጥጥ ብናኝ ሸፍኖታል። ጩኸቱ ስለሚያደነቁር ሰዉ የሚግባባው በእጅና በከንፈር ነው። እኔ ያንን ቋንቋ ገና አልለመድኩም፤ ስለዚህ መንገድ መጠየቅ አልችልም።

የራሴን ዘዴ አበጀሁ። የሴቶቹን ሻሽ ምልክት አድርጌ ያዝኩ። ቀይ ሻሽ ያሰረችው ዘንድ ስደርስ ወደ ግራ እታጠፋለሁ፤ አረንጓዴዋ ወፍራም ማግ ትቀበላለች፤ ነጯ ቀጭን። ሁለት ሳምንት ያለ ስህተት ሠራሁ። እንዲያውም ኮራሁ።

እኔ የሦስት ወር ሙከራ ላይ ስለነበርኩ ሁልጊዜ ጠዋት ነበር የምገባው። ሸማኔዎቹ ግን በየሁለት ሳምንቱ ፈረቃ ይቀያየራሉ። ይህን አላሰብኩበትም። አንድ ሰኞ ስገባ በማሽኖቹ ላይ ሌሎች ሴቶች ቆመዋል። ቀይ ሻሽ ፈልጌ አገኘሁ፤ በሌላ መደዳ ነበር። ወደ ግራ ታጠፍኩና ወፍራሙን ማግ አረንጓዴ ሻሽ ላሰረች፣ ግን ቀጭን ለምትሠራ ሴት ሰጠሁ። እሷም የተበጠሰ ድር እየቀጠለች ስለነበር ሳታይ ማሽኑን አጎረሰችው። ስህተቱ ሲታወቅ አንድ ክንድ የሚሆን ጨርቅ ተበላሽቷል።

ጋሽ ደምሴ ወደ በር አወጡኝና በምን ምልክት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። አልሳቁም።

"ሰው ምልክት አይሆንም፣ ልጄ" አሉኝ። "ሰው ፈረቃው ሲያልቅ ይሄዳል።"

እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ብሳሳት ስሜ ይሰረዛል። ያን ሥራ እፈልገው ነበር፤ ታደሰ ለሥራ ወጥቶ ሰንብቶ እስኪመለስ ግድግዳ እያየሁ የምጠብቀው ኑሮ በቅቶኝ ነበር።

ያን ማታ ሁሉንም ለታደሰ ነገርኩት። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ሐዲዱ እንሂድ አለ። ልከተለው ስል ግን፣ ዛሬ ከፊት አንቺ ነሽ አለኝ። ጥቂት እንደሄድን፣ "ዞር በይ" ይላል። እዞራለሁ። እንደገና፣ "ዞር በይ።" ሰለቸኝና ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት።

"ስትመለሺ የሚታይሽ ይሄ ነው" አለ። "ስትሄጂ ያየሽው አይደለም።"

ከሐዲዱ ከፍታ ላይ ሆነን ፋብሪካውን አሳየኝ። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ከታች ስሠራ መስታወት እንዳለው እንኳን አስተውዬ አላውቅም። እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ወገን ቆርቆሮ፣ በአንድ ወገን መስታወት ነው።

"መስታወቱ ወዴት ያያል?"

"ወደዚያ።"

"ወደዚያ ማለት ወዴት ነው?"

"ወደ እንጦጦ" አልኩ።

"ከውስጥም ሆነሽ ስታዪው ወደ እንጦጦ ነው" አለ። "እሱ ደግሞ ፈረቃ የለውም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪውን ከመግፋቴ በፊት ቀና እላለሁ። ብርሃኑ የሚገባበት ወገን እንጦጦ ነው፤ ወደዚያ ስዞር ማጠንጠኛው ከጀርባዬ፣ ወፍራም ማግ የሚሠሩት በስተቀኜ ናቸው። በየማዕዘኑ ዞር ብዬ መመለሻዬን አያለሁ። አንዷ ሸማኔ እጇን ዘርግታ ዝናብ እየጠበቅሽ ነው ወይ በሚል ምልክት አላገጠችብኝ። ጋሪዬን ገፋሁ። ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ፣ ያኔ እየለመድኩት በመጣሁት የከንፈር ቋንቋ ብቻ የማሽን ቁጥር እየነገሩ ወዲያና ወዲህ ላኩኝ። ማሽኖቹን ከእንጦጦ ወገን እየቆጠርኩ ሁሉንም አደረስኩ። ሲጨርሱ ያሉኝ፣ ሽቅብ እያየሽ ጋሪውን ሰው ላይ እንዳትነጂው ብቻ ነው።

እዚያው ኖሬ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። በኋለኞቹ ዓመታት አዲስ የሚገቡትን አዳራሹን የማሳየው እኔ ነበርኩ። አንዳንዶቹ ከእናቴ ማሕፀን መንገድ አውቄ የወጣሁ ይመስላቸው ነበር።

ታደሰ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ እጄ እሺ አይለኝም።

ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን የሄድኩ ጊዜ መቃብሩን አጣሁት። በቀብሩ ዕለት ዓይኔ የያዘው ሰዉን ነበር፤ እህቱ የቆመችበትን፣ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የተሰበሰቡበትን። አሁን ማንም የለም። በመቃብሮቹ መሐል ብዙ ዞርኩ። ሰው እንዳልጠይቅ አፈርኩ፤ የባሏን መቃብር የማታውቅ ሴት ምን ትባላለች?

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ወደ በሩ ተመለስኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንጦጦን ፈለግኩ። ቤተልሔሙን አየሁ። በዚያ ዕለት ቤተልሔሙን በስተግራ ትተን፣ እንጦጦን በፊት ለፊት እያየን መሄዳችንን አስታወስኩ። እንደዚያው ሄድኩ። አፈሩ ገና አልረጋም ነበር።

ስወጣ፣ በየጥቂት እርምጃው ቆሜ ዞር አልኩ። ዞር በይ ያለኝ ግን የለም።

ለአዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ሁለት ነገር ነበር፤ አሁንም ያው ነው። ምልክታችሁ ከቦታው የማይነሳ ነገር ይሁን። ስትሄዱም ዞር እያላችሁ መመለሻውን እዩ፤ የምትመለሱት ብቻችሁን ሊሆን ይችላል።