ወደ ኬንያ፣ በቴፒ በኩል

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤታችን ለጥቂት ቀናት እንደተዘጋ፣ እኔና ባለቤቴ ምሕረት አማን ካለው ቤታችን ተነሥተን በሞተር ወደ ቴፒ ወረድን። ካርታ የሚያነብ ሰው ይስቅብናል፤ መሄድ የፈለግነው ኬንያ ነውና። ኬንያ ከእኛ በስተደቡብ ነው፣ ቴፒ ደግሞ በስተሰሜን ምዕራብ። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ይህ አይጠፋኝም። የቴፒው መንገድ ለልምምድ ነው።

የምድር ወገብን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሳሰምር ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ቀን ግን ተሻግሬው አላውቅም። እቅዴ እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ እዚህ ዝናቡ በር ሲዘጋብን እዚያ ደረቅ ነው። በሞያሌ ወጥተን፣ የማርሳቢትን በረሃ አቋርጠን፣ ከኬንያ ተራራ ግርጌ መንገዱ የምድር ወገብን በሚሻገርበት ቦታ ሞተራችንን አቁመን እናርፋለን። ከዚያ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ እንወርዳለን። ሆቴል የለም፤ በደረስንበት ድንኳን ተክለን እናድራለን። ካርታውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከራት በኋላ በጣቴ እየተጓዝኩ ስንት ጊዜ ባሕር ደርሼ ተመልሻለሁ።

እውነቱን ለመናገር የጉዞው ምክንያት ባሕሩ አይደለም፤ ምሕረት ናት። ነርስ ናት፤ ክትባት ይዛ በዚህ ጭቃ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ስትዞር የኖረች፣ ከእኔ በብዙ የምትሻል ነጂ። አምና ክረምት እናቷ ከሞቱ ወዲህ ግን ሞተር አልነካችም። ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የተባለችውን ሁሉ «እሺ» ትላለች። የምትከራከረኝ፣ የምታሾፍብኝ ሴት እዚያው ቤቴ ውስጥ ጠፋችብኝ። አንድ ምሽት ስለ ማርሳቢት ሳወራ ድንገት «ውኃ ከየት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ማቀድ አላቆምኩም። እሷ እንድትጠይቀኝ ብቻ ጨረቃ ድረስም ቢሆን መንገድ አወጣ ነበር።

ድንኳኑን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶ ላከልኝ። አረንጓዴ ነው፤ ተጣጥፎ ከትራስ አይበልጥም። ሳሎን ውስጥ ደስ ብሎኝ ስዘረጋው ምሕረት በር ላይ ቆማ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ሲዳር ወይም ሲለቀስ ነው። እኔ ደግሞ እናቷን የቀበረች ሴት ቤት ድንኳን ይዤ ሰተት ብዬ ገባሁ። ያውም በእናቷ ለቅሶ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰዓት አልተቀመጠችም ነበር። ውኃ ስታቀርብ፣ የታመመ ለቅሶኛ ስታይ፣ መኝታ ስታዘጋጅ ድንኳኑ ተነቀለ። እሷ ሳታለቅስ ሰው ተበተነ።

እቅዱ በዚያው ቀረ ብዬ ሳዝን፣ በማግሥቱ ራሷ አነሣችው።

«መጀመሪያ እዚሁ አገራችን እንሞክረው» አለች። «ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ ከወሰደኝ አስብበታለሁ። ካልወሰደኝ ግን፣ በእናትህ፣ የኬንያን ነገር ዳግም አታንሣብኝ።»

እኔም እሺ አልኩ። ኬንያ ቢቀር ባሕሩ እዚያው ይኖራል። እሷ ግን ተመልሳ «እሺ»ዋ ውስጥ ከገባች በምን እንደማወጣት አላውቅም ነበር።

ከአማን እስከ ሸኮ

ጭጋጉ ሳይገፈፍ ወጣን። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ምሕረት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ከኋላ ተቀመጠች። ጉድጓድ ስመታ ትከሻዬን ያዝ ታደርገዋለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። ድሮ ቢሆን «ፍሪሲዮኑን ቀስ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ትጮኽ ነበር።

የጎረቤታችን ከተማ የሚዛን ቤቶች ካለቁ በኋላ መንገዱ ደን ውስጥ ይገባል። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ከሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። የበጋው የመጀመሪያ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ቡናው አብቧል። ይህ አበባ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ በረገፈ ማግሥት የመጣ ሰው ነበረ ቢሉት አያምንም። ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ሽታው ጭጋጉ ውስጥ ተኝቷል። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልቁለቱን ዝም ብለን ተንሸራተትን። ጎማው እርጥብ አፈር ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። የት እንዳለሁ ለጊዜው ረሳሁት። እየነዳሁ ነው ወይስ ሳሎን ቁጭ ብዬ በካርታው ላይ በጣቴ እየሄድኩ ነው? ሁለቱም አንድ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳያት ምሕረት ዓይኗን ጨፍናለች።

ሸኮ ከተማ ሻይ ለመጠጣትና ፓስቲ ለመብላት ቆምን። የምታውቀኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ጭነታችንን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ይዛችሁ ወዴት ነው?»

«ኬንያ።»

«በዚህ በኩል?»

«ለልምምድ ነው። ዛሬ ድንኳን ውስጥ እናድራለን።»

«ቤት እያላችሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብላ ሳቀች። ምሕረት ግን አልሳቀችም። ሻይዋን እስከ ግማሽ ጠጥታ ተነሣች።

ከሸኮ ማዶ፣ አመሻሽ

ከከተማው ወጥተን ብዙ ሳንርቅ፣ ከመንገዱ ገባ ያለ ማሳ ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ አገኘን። ከሥሩ ሜዳ ነው፣ ከፊቱ ቡና። ስለ ድንኳን ጉዞ ያነበብኳቸው ምክሮች ሁሉ «ሰው ሳያይህ ስፈር፣ ማንንም ሳትረብሽ ተነሥ» ይላሉ። እኔም እንደታዘዘ ተማሪ ማንንም ሳልጠይቅ ተከልኩ። ዋንዛው ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። ምሕረት ብርድ ልብሱን አጥፋ የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። አየሩ ደስ ይል ነበር። የእሷ ፊት ግን ዝግ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ አንዲት አሮጊት በቡናው መሃል መጡ። ሰላም ሳይሉን ፈንጠር ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና አገጫቸውን በእጃቸው ደገፉ። ተከትለው ሁለት ሴቶች መጡ፤ እነሱም ዝም ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ፣ ከኋላው ሌሎች ወንዶች። ከሴቶቹ አንዷ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የተቀቀለ ጎደሬ አስቀመጠች። ሌላዋ ማሰሮ ይዛለች፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር የተፈላበት፣ እዚህ አገር ጨሞ የሚባለው። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ማሳቸው ላይ ያለ ፈቃድ በመስፈሬ ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ሳሰላስል፣ አሮጊቷ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦

«ማን ነው የሞተባችሁ፣ ልጄ?»

«ኧረ ማንም አልሞተብንም፣ እማማ! መንገደኞች ነን። ልናድርበት ነው የተከልነው።»

እርስ በርስ ተያዩ። ባለ ወንበሩ፣ የአሮጊቷ ልጅ ያዕቆብ፣ «ድንኳን ለማደሪያ?» አለ ግራ ገብቶት።

«ልጆች አይተው ነው የነገሩን» አሉ አሮጊቷ፤ እማማ ማርታ ይባላሉ። አማርኛቸው አጭርና ረጋ ያለ ነው። «ድንኳን አለ፣ ትንሽ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው አሉ። እኛ ድንኳኑ ትንሽ ከሆነ ሰው የላቸውም አልን። መንገድ ላይ ሐዘን አገኛቸው አልን። ሰው ብቻውን እንዴት ያለቅሳል?»

በሐፍረት ጆሮዬ ጋለ። ስለ ኬንያ፣ ስለ ልምምዱ፣ ስላነበብኩት ምክር ስቀባጥር ትንሽ ሳቁና «እንኳን ደኅና ሆናችሁ» ብለው ሊሄዱ ተነሡ። ያዕቆብም ወንበሩን ትከሻው ላይ አደረገ። እማማ ማርታ ግን አልተነሡም። ምሕረትን ያያሉ።

«እሷስ? ጥቁር ለብሳለች።»

ስለ እሷ ልመልስ አፌን ስከፍት ምሕረት ቀደመችኝ።

«እናቴ ናት።»

«መቼ?»

«አምና፣ ክረምት።»

«አለቀስሽ?»

ምሕረት ዞራ ድንኳኑን አየችው። እማማ ማርታ ለልጃቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉት፤ ያዕቆብም ወንበሩን መልሶ አወረደው። ሰዉ ሁሉ እንደገና ተቀመጠ።

«መጥተናል እኮ» አሉ አሮጊቷ። «ድንኳኑም አለ። እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

 ምሕረት ስለ እናቷ ቡና ማስጫ አወራች። ቡናው ደጅ ተሰጥቶ ሳለ ደመና ሲመጣ እናቷ ወደ ሰማይ አንጋጠው ዝናብን እንደ ክፉ ጎረቤት ይሰድቡት ነበር፤ «አንተ ቤት የለህም? ሁልጊዜ እኛ ቤት!» ይሉት ነበር። ሴቶቹ አንድ ላይ ሳቁ፤ እነሱም ዝናቡን የሚሳደቡ ናቸውና። ምሕረትም ሳቀች፣ ያ ሳቅ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። እማማ ማርታ ጎኗ መጥተው ራሷን ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ሌሎቹም አለቀሱ፤ ለቅሶ ላይ መቼም ሁሉም የየራሱን ሙት ያነሣል። እኔም ለአማቴ አለቀስኩ፣ እወዳቸው ነበር። ያዕቆብና ወንዶቹ በቋንቋቸው መዝሙር ያዙ። ቃሉን አላውቀውም፤ ግን ዝግ ያለ፣ አንዱ ሲተው ሌላው የሚቀበለው መዝሙር ነው። ፀሐይዋ ከቡናው ጀርባ ገባች፣ ነጩ አበባ ለብቻው ብርሃን ያለው መሰለ።

ሳይጨልም ጎደሬውን ከጨሞው ጋር አብረን በላን። ጨሞው ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ደረትን ይከፍታል። እማማ ማርታ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ቤት ግቢና እደሪ» አሏት። ምሕረት ግን ዓይኗን እየጠረገች «ዛሬ እዚሁ ልደር፣ እማማ» አለች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቴፒ

ስትነቃ ፀሐይ ድንኳኑን አረንጓዴ ብርሃን ሞልታው ነበር። ወጥታ ፊቷን ታጠበች፣ ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችው፣ የኋላውን ጎማ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ቁልፉን አምጣ።»

ሰጠኋት። አንድም ቃል ከተናገርኩ ሐሳቧን የምትለውጥ መሰለኝና ዝም ብዬ ከኋላዋ ወጣሁ።

ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ዓለም ሌላ ነው። ለጉድጓዱ የማስበው እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ ቅጠሉን፣ ሰማዩን፣ ውኃ ቀድተው የሚመለሱትን ሴቶች አየሁ። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ አየሩ ሞቀ፤ ሹራቤን አወለቅኩ። ሙዝ በዛ፣ ማንጎ መጣ። ምሕረት ኩርባውን ስትይዘው ሞተሩ የማውቀው ሞተር አይመስልም፤ ድምፁ እንኳን ተለወጠ። ከዚህ ኩርባ ጀርባ ባሕር ቢኖር አልደነግጥም ነበር።

ቴፒ ከተማ መንገድ ዳር አናናስ በሃምሳ ብር ገዝተን፣ ሻጩ እዚያው ልጦልን፣ እጃችን እስኪጣበቅ በላን። ከሰዓት በኋላ የምናድርበትን ቦታ የፈለገችው ምሕረት ናት። ማንጎ ዛፎች ያሉበት ሰፊ ግቢ አይታ አንኳኳች፤ አንድ ሽማግሌ ከፈቱ።

«አባባ፣ ግቢዎ ውስጥ ትንሽ ድንኳን ተክለን ብናድር ይፈቅዱልናል? ማንም አልሞተብንም» አለች፣ ኮስተር ብላ።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቦታም ሰጡን፣ ውኃም፣ ለምንጣፍ የሚሆን ደረቅ ሣርም።

ማንጎው ጥላ ሥር ካርታውን ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። ምሕረት እርሳሱን ወሰደችብኝ። ለማደሪያ ያሰብኳቸውን ቦታዎች፣ ሰው የሌለባቸውን ምድረ በዳዎች ሁሉ፣ አንድ በአንድ ሰረዘች። በምትኩ መንደር ካለበት አጠገብ ምልክት አደረገች።

«ውኃውን የሚያውቀው ሰው ነው» አለች። ቀጥላ «በስዋሂሊ ‹ማደር እንችላለን ወይ?› እንዴት ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም ነበር። ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጉምሩክ ወረቀት አጥንቻለሁ፤ የሰው ደጅ እንዴት እንደሚንኳኳ አንድ ቃል አልያዝኩም። ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ፈራሁ። እንቅልፍ ከወሰደኝ አስብበታለሁ ነው ያለችው፤ ማሰብ መወሰን አይደለም።

መመለሻ

ስንመለስ ሸኮ ማዶ እማማ ማርታ ዘንድ አናናስ ይዘን ጎራ አልን። ዋንዛው ሥር አልተቀመጥንም፤ ቤት አስገብተው አበሉን። ከዚያ ዳገቱን ወደ ሚዛን ወጣን፣ ምሕረት እየነዳች። ቡናው አበባውን ማርገፍ ጀምሮ መንገዱ ዳር ነጭ ሆኗል።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ለሌሎች ተጓዦች የሚጠቅም ከሆነ ይኸው፦ ሰው ሳያየኝ ልስፈር አትበሉ። እኛ የታየነው በስሕተት ነው፤ ሳንታይ ብንቀር ኖሮ ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ዝም ያሉ ሰዎች አድረው ይነሡ ነበር፣ እቅዱም እዚያው ይቀበር ነበር። ሰው አገር የምትሄዱ ከሆነ ከድንኳኑ በፊት ደጁን አንኳኩ።

አማን ስንደርስ እየመሸ ነበር። ዕቃውን ስፈታ ምሕረት ወደ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አጥር ስትሄድ አየኋት። ሰላምታቸው እንደወትሮው ረጅም ነው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ የምሕረት ድምፅ ተሰማኝ።

«እትዬ፣ ሐምሌ ላይ ዶሮዎቼን ይይዙልኛል?»

«እይዝልሻለሁ እንጂ። ወዴት ልትሄጂ?»

«ከሱ ጋር ባሕር ልናይ።»

የያዝኩት ገመድ ከእጄ ወደቀ። 

«ባሕር! እና መንገዱን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ቲቸር ነዋ» አለች ምሕረት፣ እንድሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ኬንያን በቴፒ በኩል ነው የሚያውቀው።»

ሁለቱም አጥሩን ይዘው ሳቁ። ከአምና ክረምት ወዲህ ስታሾፍብኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።