ጣዎሶቹ ሲጮሁ አትውጡ

ሰብሃት ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ በቆሎ ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። የሽቦውን በር ከፍቶ ይገባና ከኋላው ይዘጋዋል። እህሉን ከበተነ በኋላ የረጠበውን ሰጋቱራ ጠርጎ ደረቁን ያለብሳል፤ የወንዱ ጣዎስ ጅራት ጭቃ እንዳይነካው ነው።

ሰብሃት አናጢ ነው። ቦንጋ ውስጥ በርና መስኮት መሥራት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጣዎሶቹን የፈለገችው ሚስቱ በላይነሽ ነበረች። እንግዳ ማረፊያ የነበራቸው አንድ ሰው ከተማውን ሲለቁ ወንዱንና ሴቷን ሰጧት። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም።

የወፎቹን ቤት ለመሥራት ሁለት ሳምንት ፈጀ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን እግር የተቃጠለ ዘይት ቀባ። ሽለምጥማጥ ከሥር እንዳይሾልክ ሽቦውን ሁለት ስንዝር መሬት ውስጥ ቀበረው። የሚያድሩበትን አግዳሚ በደረት ቁመት ሊመታ ሲል በላይነሽ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘች፣

«ጅራቱስ? መሬት ሊጠርግልህ ነው?» አለችው።

አንድ ክንድ ከፍ አደረገው።

ወንዱ መጀመሪያ የጮኸ ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የጣዎስ ጩኸት የሴት ኡኡታ ይመስላል፤ ኡኡታ የሰማ ደግሞ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ጎረቤቱ ባለሱቁ ኡስማን የስኳር ጭልፋውን እንደያዘ ደረሰ።

«ጋሽ ሰብሃት፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። ወፉ ነው።»

«ወፍ! እኔ እኮ ሱቁን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የመጣሁት!»

«ምን አለበት፣ ካንተ ሬዲዮ ይሻላል» አለች በላይነሽ እየሳቀች።

ጩኸቱ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሆነ። ሰብሃት ሰው ማስቸገር አይወድም። በሳምንቱ ሰባት ቤት ዞሮ በየበሩ እየቆመ፣ «ጣዎሶቹ ሲጮሁ አትውጡ፤ ይቅርታ» አለ። ሰዎቹም መውጣት ተዉ።

ሐምሌ ላይ የበር ልኬት ሊወስድ ሺሺንዳ ሄደ። በላይነሽን ጓሮ ውስጥ ጭቃ አዳለጣት፤ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ጭንቅላቷንም ድንጋይ አገኘው። ጮኸች። ሰባቱም ቤት ሰማ። ስኳር እየመዘነ የነበረው ኡስማን ደንበኛው ቀና ብሎ ሲያየው፣ «የጋሽ ሰብሃት ወፎች ናቸው» አለው።

ሰብሃት ወደ ማታ ሲመለስ ጭቃው ላይ ዝናብ እየመታት ወድቃ አገኛት። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች።

ኡስማን ለቅሶው ድንኳን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሰምቻታለሁ» አለው።

«አትውጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አለ ሰብሃት።



አሁን ሰፈሩ እንደገና ይወጣል። ጣዎሱ በጮኸ ቁጥር እየሮጡ በሩ ላይ ይደርሳሉ፣ ሰብሃትን በቁሙ ያዩታል፣ ይመለሳሉ። ወፎቹን አስወግድ ያለው የለም። አንድ ቀን ከሰዓት እግራቸውን የሚያማቸው ጎረቤቱ እትዬ ዘይቱና በዝናብ እያነከሱ በዚያው ቀን ለአምስተኛ ጊዜ መጡ።

«እትዬ ዘይቱና፣ ወፍ መሆኑን እያወቁ ለምን ይደክማሉ?»

«ብቀርና እሷ ብትሆንስ?» አሉ። ያሉት ነገር የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ከበላይነሽ እጅ የቀረ፣ ነፍስ ያለው ነገር እነዚህ ሁለት ወፎች ብቻ ናቸው። በማግስቱ ግን ሰብሃት ደካ ለሚኖረው ለወንድሟ ለሙሌ ደወለ። ሙሌ በማሳው ዳር፣ አጠገቡ ቤት የሌለበት ቦታ ለወፎቹ ሰጠው። ሰብሃት እዚያ በአራት ቀን አዲስ የወፍ ቤት ሠራ። ልኩ የመጀመሪያው ቤት ልክ ነው፤ የሚይዝለት ስለሌለ የሜትሩን ጫፍ ምስማር ላይ እያሰረ ለካ። ደካ ሩቅ ነው፤ በወር አንዴ ቢያያቸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሌ በተከራየው ፒካፕ መጥቶ ይወስዳቸዋል።